ከሁሉ አብልጦ የሚጠቅስዎ ሰው

ለተከበሩ የአእምሮ ሕክምና ተመራማሪ ፕሮፌሰር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ ደህና ነው? እኛ ቤት እንቅልፍ ከጠፋ ስለከረመ፣ የሌላውን ሰው እንቅልፍ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ጽሑፎችዎ በዓለም ሊቃውንት ከዐሥር ሺሕ ጊዜ በላይ መጠቀሳቸውን በሆስፒታሉ በር ላይ ከተሰቀለው ሸራ አንብቤ እጅግ ደስ ብሎኛል። ሸራው ሰፊ በመሆኑ ተራ ስንጠብቅ ከፀሐይ ያስጠልለናል፤ ምርምርዎ ለታካሚ ቤተሰብ ምን ጠቀመ የሚል ቢነሳ እኔ ምስክር እቆማለሁ። በዚያ ከሁሉ በላቀው ጽሑፍዎ ውስጥ መድኃኒት አቁሞ የዳነ ቁልፍ ሠሪ የተባለው ሰው ታላቅ እህት ነኝ። ደስታዬን ያጎደሉብኝን ጥቂት ነገሮች በትሕትና እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ወንድሜ አልዳነም። መድኃኒቱን በእርስዎ ምክር ቀስ በቀስ ትቶ ጥቂት ወራት ደህና ከርሞ ነበር፤ ይህን አልክድም፣ ውለታም አልበላም። እናታችንማ ልጄን መለሱልኝ ብላ እግርዎ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ጽሑፉ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ግን ግድግዳው ውስጥ ሆነው የሚያሙት ሰዎች ድምፅ ይሰማው ጀመር።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ልነግርዎ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ጥናቱ ስለተዘጋ ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር አይመለከተንም ብለው በታላቅ ጨዋነት እስከ በሩ ሸኙኝ። ስለ ጨዋነትዎ አመሰግናለሁ። የወንድሜ በሽታ ግን ትምህርት የለውምና የጥናቱን መዘጋት አልሰማም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ሲባል ነበር የማውቀው፤ ለካስ በእርስዎ ሙያ የነበረ ሰው ቃሉ አይያዝለትም።

ሦስተኛውና አንጀቴን የሚበላው ይህ ነው። በተመላላሽ ክፍሉ ያለችው ወጣት ሐኪም፣ እጇ ይባረክና፣ መድኃኒቱን ዳግመኛ ጽፋልናለች። ኪኒኑ ቤት አለ፣ ውሃውም አለ። ወንድሜ ግን አይውጥም። እርስዎ ፈርመው በስጦታ የሰጡትን ጽሑፍ በቃሉ ይዞታል፤ ብርጭቆ ይዤ በክፍሉ በር ሥር ስቆም፣ ታካሚው ያለ መድኃኒት ሙሉ በሙሉ አገግሟል የሚለውን መስመር ከነገጹ ይጠቅስልኛል። እናታችን ስታለቅስም ይጠቅስላታል። ፕሮፌሰሩ ካንቺ ያውቃሉ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስለት? ያ ሁሉ ሊቅ የተቀበላቸውን ሰው እኔ አልተቀበልኳቸውም ልበለው? አሁን አሁን ደግሞ መድኃኒት የደባለቅንበት እየመሰለው ምግቡንም መተው ጀምሯል፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ብሏል። በዚህ ምድር ላይ እንደ እሱ አጥብቆ የሚያምንዎ፣ እንደ እሱ አዘውትሮ የሚጠቅስዎ ሰው የለም። የእሱ ጥቅስ ከዐሥር ሺሑ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል።

አራተኛ የለኝም። ሦስቱ ይበቁናል።

ልመናዬ አንድ ነው። ጽሑፉን ይሰርዙ አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሊቅን ስም እንደሚያጎድፍ ሰምቻለሁ። ብቻ ይምጡና በሩ ላይ ቆመው፣ ተሳስቼ ነበር፣ ኪኒንህን ዋጥ ይበሉት። ከእርስዎ አፍ ካልወጣ ከማንም አይቀበልም። ከእሱና ከእኛ በቀር የሚሰማዎት ስለሌለ ከዝናዎ የሚጎድል ነገር አይኖርም። ዘግይተው ከመጡ ግን የሚነግሩት ሰው አያገኙም፤ ይህችን ያለ ሽሙጥ ነው የጻፍኳት።

ስምዎ ከዳር እስከ ዳር እንዲጠራ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ የሚወዱት ሰውም በሌላ ሊቅ ጽሑፍ ውስጥ ድኖ እንዳይገኝብዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

የዳነው ሰው እህት

ማስታወሻ፦ ሲመጡ በሩን ለመክፈት አይቸገሩም፤ ወንድሜ የማይከፍተው ቁልፍ ስለሌለ በሩ ላይ የተመታው መቀርቀሪያ ነው፣ እሱም ከውጭ ነው። ወደ ቀድሞ ሙያው ተመልሷል ብለው የጻፉትን ሐሰት ነው ስል ከርሜ ነበርና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ሕመሙ ሊመለስበት ሲል ራሱ ታወቀው፤ እናቴን እንዳልጎዳት ብሎ መቀርቀሪያውን በገዛ እጁ መታው። መድኃኒቱን ካቆመ ወዲህ ከእጁ የወጣ ሥራ ያ ብቻ ነው።