ሱሁር ሳልቀሰቅስ የነጋ ዕለት

ጅዳ ላለሽው ልጄ ለሀምዳ፣ አላህ ከሰው አገር ክፉ ይጠብቅሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ወንድምሽ ሰላሀዲን ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ግን ወሬው የለም።

ይህን ደብዳቤ እንደ ወትሮው ለሰው አላስጻፍኩም። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ራሴ የሞነጫጨርኩት አፍሬ ነው።

እንቅልፍ ቢነሳኝ የላክሽልኝ ኪኒን መጀመሪያ አንዱ ይበቃኝ ነበር፤ ኋላ ሦስትም አልበቃኝ አለ። በረመዳን ቆርቆሮ እየመታሁ ሰፈሩን ሳይነጋ ለሱሁር ምግብ የምቀሰቅሰው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ አንድ ቀን ኪኒኑ ጥሎኝ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ነጋ። በዚያ የአዋሽ ሐሩር ጎረቤታችን ሰዓዳ ገበያ መሀል ራሷን ስታ ወደቀች። ልጠይቃት ብሄድ፣ "እትዬ ኡሙሀኒ፣ የልጅዎ ሐሳብ ነው ያደከመዎ" ብላ እኔኑ አጽናናችኝ። እኔም የኪኒኑን ነገር ሳልነግራት ወጣሁ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ "በአንዴ መተው አደጋ አለው፤ ቀስ እያልን እንቀንሰዋለን" ብሎኝ፣ የቀረውን ኪኒን እሱ ይዞ በልክ ይሰጠኛል።

ሀምዳዬ፣ ሌላ እንዳትልኪልኝ። ነገ በሰው አስጽፌ፣ አሞኛል ብዬ ባለቅስልሽም እንዳትሰሚኝ። አደራ ልጄ፣ ጨክኚብኝ፤ አላህ አይጨክንብሽ።

እናትሽ ኡሙሀኒ