ባዶ የተተወችው የምሥራቅ ካሬ

ለውድ ወንድሜ ለኪዮሃሩ፣

ለእኛ ሲነጋ ለእናንተ ከሚመሽበት ከባሕር ማዶ ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ዓይንህስ? ሐኪሙ ያዘዘልህ ጠብታ ማቃጠሉን ተወ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ባለቤትህ ሉርጂስስ ወገቧ ተሻላት ወይ? ይህን ደብዳቤ የምታነቢለት ሳዩሪ፣ አንቺስ እንደምን አለሽ? አባትሽ ሲናደድ ቆም በዪለት፤ ነገር ግን አንድም ቃል አትዝለዪ።

እኛ ደኅና ነን። ባለቤቴን ሚዮኮን ብርዱ ሲገባ ጉልበቷን ያማታል፤ ሆኖም ሥራ አያስቀምጣትም። የጓሮው የካኪ ዛፍ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ ፍሬውን ልጠን እንዲደርቅ ከጣራው ጠርዝ ሥር ሰቅለነዋል።

በሚያዝያ በላክኸው ደብዳቤ «ዘጠነኛው ጨዋታ ሲወጣ አንተ ተጫወትልኝ፤ ምሥራቁ ተከፍቶ እንደሆነ ያየኸውን ሳታሳምር ጻፍልኝ» ብለህ ነበር። ተጫውቼ ጨርሻለሁ። በአንድ ንባብ ማርክ ሰጥቼ ስለማላውቅ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። የምጽፍልህ ግን ደስ የሚል ወሬ አይደለም።

ሳዩሪ፣ ነገሩ እንዲገባሽ ከሥሩ ልጀምር። «ጸጥተኛዋ መርከብ» የሚባለው የቴሌቪዥን ጨዋታ መጀመሪያ ሲወጣ እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመቴ ነበር፤ አባትሽ ገና የግብርና ተማሪ ነበር። ተጫዋቹ በጨለማ ጠፈር ውስጥ አንዲት መርከብ ይነዳል። ካርታ የለም፤ መንገድ የሚያሳይ ቀስት የለም። ከሩቅ ከዋክብት የጥሪ ድምፅ ይመጣል፤ በሁለት ጥሪ መካከል ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ርቀቱን ማስላት የተጫዋቹ ፈንታ ነው። አባትሽ መቆጣጠሪያውን ይዞ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ እኔ ባለካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ነጥብ አኖራለሁ። አንድ ክረምት ሙሉ እንዲህ ስንል ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ከዋክብት አገኘን። የምሥራቁ ጫፍ ላይ ግን መርከቧ ቆመች፤ «ይህ መንገድ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ያቺን ካሬ ባዶዋን ተውናት። አባትሽ ወደ ብራዚል ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ «ጋሼ፣ እኔ ሳልኖር እንዳትሞላት» አለኝ።

ኪዮሃሩ፣ የቀረውን ታውቀዋለህ። ጨዋታው በየጊዜው አዲስ ክፍል ሲወጣለት፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ እምነቴ ሙሉ ነበር። አራተኛው ላይ «መርከበኞቹ ወሬ አበዙ» ብለህ ስትጽፍልኝ ተከራከርኩህ። ስድስተኛው ላይ ቀስት ሲያስገቡ ለጀማሪዎች ነው፣ ይለፍ አልኩ። ስምንተኛው ላይ የከዋክብቱን ጥሪ አጥፍተው ዘፈን ሲተኩበት እንኳ፣ ምሥራቁን ሲያሰናዱ ጊዜ አጥሯቸው ይሆናል ብዬ አጽናናሁህ። ለሰነፍ ተማሪ እንዲህ ሰበብ ፈልጌለት አላውቅም።

ዘጠነኛው ላይ ምሥራቁ ተከፈተ። መቆጣጠሪያውን አስቀምጬ ሻይ ጠጣሁ፤ መነጽሬን ወለወልኩ፤ ከዚያ ገባሁ። ሱቅ ነው፣ ወንድሜ። ለመርከበኞች ባርኔጣና ካባ የሚሸጥበት፣ መብራቱ ዓይን የሚወጋ ሱቅ። አንዲት ሻጭ እጅ ነስታ «እንኳን ደህና መጡ! የዛሬው ልዩ ባርኔጣችን የጥንቸል ጆሮ አለው!» አለችኝ። በጀርባው ዞርኩ፤ ግድግዳውን ሁሉ እየገፋሁ ሞከርኩ። ሌላ ምንም የለም። ሚዮኮ ለካ ከኋላዬ ቆማለች፤ «ሠላሳ ሰባት ዓመት የጠበቃችሁት ይቺን ባርኔጣ ነው?» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

በዚሁ ሰሞን የቀድሞ ተማሪዎቼ ተሰባሰቡ። የሸርጣን ወቅት ስለገባ በፍል ውሃው ማደሪያ ቤት ነበር የተገናኘነው። እንደ ልማዴ አሮጌውን መዝገብ ይዤ ሄጄ ስም ጠራሁ፤ ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች «አቤት!» እያሉ እጃቸውን አወጡ። ሃሙሮን ታስታውሰዋለህ? በካርታ ትምህርት ጊዜ የእኛን ወረቀት ሳሳያቸው አፉን ከፍቶ የቀረው ልጅ ብዬ ጽፌልህ ነበር። የዘጠነኛው ጨዋታ ዋና ኃላፊ እሱ ነው። የጨዋታውን ስሕተት እየነቀስኩ በቀይ እርሳስ የጻፍኩትን አራት ገጽ ሰጠሁት።

ከልጅነቷ ጀምሮ እሱን መተረብ የማይሰለቻት ቶኪዋ «አይ ሃሙሮ! በዚህ ዕድሜህም ከመምህር ዜሮ!» አለችው፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን ገጾቹን እያገላበጠ «መምህር፣ ልጆቹ እኮ ዐሥር ደቂቃ መንገድ ከጠፋባቸው ይዘጉታል። ቁጭ ብሎ ካርታ የሚስል ማን አለ?» አለኝ። ምሥራቁስ? አልኩት። ሸርጣን ሲቀርብ ሰው ሁሉ ሥጋውን ለመፈልቀቅ አቀርቅሮ ዝም እንደሚል ታውቃለህ። ልክ በዚያ ዝምታ መካከል ስለመለሰልኝ ሁሉም ሰማው። «መምህር፣ ምሥራቅ የሚባል ድሮም አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሠሪዎች ራሴ ጠይቄያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ጨዋታ ካሴት ሞልቶ ቦታ አለቀባቸው፤ ግድግዳ መሆኑ እንዳይታወቅ ያንን ጽሑፍ ለጠፉበት። እኔም እርስዎ ከነገሩን ቀን ጀምሮ ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለ። «ታዲያ ይህን እያወቅህ ሱቅ ከፈትክበት?» ስለው «ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው» ብሎ ዓይኑን ሳህኑ ላይ ጣለ።

ሃሙሮን አልተቀየምኩትም ብል ውሸት ነው። ይበልጥ ያቃጠሉኝ ግን የፊተኞቹ ሠሪዎች ናቸው። አስተያየት እየጻፍን ስንልክላቸው በየአዲስ ዓመቱ «ጊዜው ሲደርስ» ብለው በእጃቸው የጻፉትን ካርድ ይመልሱልን አልነበር? እኔም በተማሪዎቼ ፊት ቆሜ፣ በካርታ ላይ ባዶ ካሬ ማለት ገና ያልደረስንበት ማለት ነው እያልኩ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርኩ። ሳላውቀው የውሸታቸው ዋስ ሆንኩ።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። መጀመሪያ ሌላ ደብዳቤ ጀምሬልህ ነበር። በዚያኛው ምሥራቁ ላይ አንድ ሰማያዊ ኮከብ አለ፤ ጥሪው በየዐሥራ ሰባት ሰከንዱ ይሰማል። አንተ አታየውም፤ ሳዩሪም አትጫወትም፤ ማን ያውቅብኛል አልኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ቀደድኩት። እነሱ የላኩልንን ካርድ እኔም ልልክልህ ነበር።

በእሱ ፈንታ ካርታችንን ልኬልሃለሁ። እያንዳንዱን ኮከብ ከጀርባው በመርፌ ወግቼዋለሁና ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱም ለጣትህ ይሰማሉ። ከታች ከግራው ጥግ ጀምር፤ መነሻችን እዚያ ነው። ምሥራቁ ላይ ስትደርስ ወረቀቱ ለስላሳ ነው። እንዳልከኝ አልሞላሁትም።

ለሉርጂስ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ፤ የላከችው ቡና ደርሶናል። ሚዮኮ ሁላችሁንም ሰላም ትላለች፤ ካኪው ሲደርቅ እልካለሁ ብላለች። ለሳዩሪ ባል ለኤዲልሰንና ለትንሿ ልጃቸውም ሰላምታዬን አድርሱልኝ።

ሳዩሪ፣ አንቺን አንድ ነገር ልለምንሽ፤ አባትሽ ካርታውን ሲዳስስ ጣቱን ይዘሽ አትምሪው።

ታላቅ ወንድምህ ናጉሞ ሺጌማሳ
ኩራዮሺ፣ ጃፓን
ኖቬምበር 25 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.