ግራጫዎቹ ሮንዴላዎች

ሚያዝያ 4፣ ሰኞ

ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱም ልብስ ለማድረቅ እንጂ ጀልባ ለመንዳት የማይበቃ ሆኖ ስለዋለ፣ መፍቻዬንና ካቻቢቴዬን በባለቤቴ የገበያ ዘንቢል ከትቼ ወደ ባሕሩ ወረድሁ። ዘንቢሏን ስታጣ ምን ትል ይሆን? አውቃለሁ ምን እንደምትል።

የጀልባችን ማጠፊያ ከተሰበረ አሥራ ሰባት ቀን ሆነው። ሸራውን ከታች ወጥሮ የሚይዘው አግዳሚ ዘንግ ከምሰሶው ጋር የሚገናኝበት የአሉሚኒየም ማጠፊያ፣ ጀልባዋ በመዞር ላይ ሳለች ተሰንጥቆ፣ ዘንጉ ከባለቤቴ ራስ አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ። መሪውን የያዘው ታናሽ ወንድሟ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቶ አንዲት ጭረት ሳያስመዘግብ ጡረታ የወጣው፣ ጀልባዋንም ከእኔ ጋር እኩል የሚካፈለው ይህ ሰው፣ «በኃይል አዞርኳት፤ እህቴን ልገድላት ነበር» እንዳለ መሪውን ለቀቀ፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። በጀልባ ማቆሚያው ያሉ ቀልደኞች «ሰባሪው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ሲጠሩት ፈገግ ይላል... ፈገግታው ግን ከጥርሱ አያልፍም።

ማጠፊያውን ጠግኜ ጀልባዋን ካቆምሁለት ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። ዛሬ ሁለት ብሎን ፈታሁ። ሦስተኛው እንደ ጉቦኛ ዳኛ አልነቃነቅ አለ።

ሚያዝያ 5

ዘይት ጠጥቶ ያደረው ሦስተኛው ብሎን ወጣ። ብሎኑ ራሱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ከሥሩ ያለው አሉሚኒየም ግን ተበልቶ፣ ጣት ሲነካው የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ሆኗል። የባሕር ጨው ይሆን? ቀመስሁት። ጨው አይደለም።

መቅመሴን ለባለቤቴ አልነገርኋትም።

ሚያዝያ 8

የተጣመመውን ማጠፊያ ለማቃናት፣ ብረት በእሳት እንደሚገራ ከልጅነቴ ጀምሮ ስላየሁ፣ ከጎረቤት በተዋስሁት የጋዝ መለብለቢያ ጓሮ ተቀምጬ አሞቀው ጀመር። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ አለች።

«ምን እየጠበስክ ነው?»

«ማጠፊያውን ላቃናው ነው።»

«መቼ ነው የሚቀናው?»

«ሲቀላ።»

አልቀላም። ጠበቅሁ። አሁንም አልቀላም... ድንገት አንደኛው የብሎን መያዣ ጆሮው፣ ቀለሙን እንኳ ሳይለውጥ፣ ጠብ ብሎ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ።

«አሁንስ ቀና?» አለች። መስኮቱን ዘጋችው፤ ሳቋ ግን በመስታወቱ በኩል ይሰማ ነበር።

ሚያዝያ 9፣ ቅዳሜ

ከገበያው በስተጀርባ ወደምትሠራ አሉሚኒየም በያጅ ዘንድ ሄድሁ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ የቀለጠውን ጆሮ እንደ ሐኪም ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«እስኪቀላ ጠበቁት አይደል አባባ?»

«በምን አወቅሽ?»

«ብረት ያዩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። አሉሚኒየም አይቀላም፤ ሳይናገር ነው የሚወርደው። ሲያሞቁት ሳሙና ይቅቡት፤ ሳሙናው ሲጠቁር በቃው ማለት ነው። ይሄን ግን አልበይደውም። ከብየዳው አጠገብ ይለሰልስና ነገ ደግሞ ይሰበራል። ከወፍራም ላሜራ አዲስ እቆርጥልዎታለሁ።»

ከዚያ ብሎኖቹን አነሣች። «ሮንዴላቸውስ?»

«የምን ሮንዴላ?»

«የፕላስቲክ፤ ከብሎኑ ራስ ሥር የምትገባው ቀለበት። የማይዝግ ብረትና አሉሚኒየም የባሕር እርጥበት ባለበት ገላ ለገላ ከተገናኙ፣ ብረቱ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ነጩን ዱቄት አላዩትም? መሃላቸው ፕላስቲክ ይገባል። ይሄን ያሰረው ማነው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ሰውየው ሁለተኛ ጀልባ ባይነካ ጥሩ ነው።»

«እነግረዋለሁ» አልሁ።

ሰውየው እኔ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የባለቤቴ ወንድም ለዓይን ሕክምና ተኝቶ ሳለ፣ ሲመለስ እንዲደሰት ብዬ የደበዘዙትን ብሎኖች አውጥቼ የሚያብረቀርቁ አስገባሁ። ከሥራቸው የነበሩትን ግራጫ የፕላስቲክ ሮንዴላዎች፣ የብሎኖቹን ውበት ያጎድፋሉ ብዬ ጣልኋቸው። እሱም ተሽሎት ሲያይ «ሙሽራ አስመሰልካት ጋሼ» አለኝ። ኮራሁ።

እንግዲህ በማንም እጅ ይሰበር ነበር። በኃይል አላዞራትም።

ሚያዝያ 10

ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ። ሦስት ጊዜ መልሼ አስቀመጥሁ።

ሚያዝያ 12

ምሳ ላይ መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ «ለግማሼ ገዢ አገኘሁ» አለ።

«የትኛውን ግማሽ ነው የምትሸጠው?» አለች ባለቤቴ። «የፊቱን ወይስ የኋላውን?»

«መሪው ያለበትን።»

እሷ ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ገዢው ቅዳሜ ይመጣል አለ። የምናገርበት ክፍተት ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር... ጨው አቀበልሁት።

ሚያዝያ 13

ባለቤቴ፣ ስለ አየሩ ሁኔታ ጀምሬ፣ በባሕሩ ጠባይ በኩል አልፌ፣ ስለ ብረታ ብረት ተፈጥሮ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«አንተ፣ ንግግርህ ሲረዝም የደበቅኸው ነገር አለ። አውጣው።»

አወጣሁት። ሰሃኑን አስቀመጠችና ራሷን ዳሰሰች፤ ያ ዘንግ ሊያርፍበት የነበረውን ቦታ።

«እኔን ተወኝ፤ እኔ አልሞትኩም። ወንድሜ ግን አራት ሳምንት ሊሞላው ነው፣ እንቅልፍ የለውም። አርባ ዓመት ፍርድ ቤት ተቀምጠህ የሰውን ጥፋት ስትጽፍ ኖረህ፣ የራስህን መናገር አቃተህ?»

ያስቀመጠችውን ሰሃን አንሥቼ አጠብሁት።

ሚያዝያ 14፣ ሐሙስ

በባለቤቴ ወንድም በረንዳ ላይ፣ ከአሮጌ አውቶብስ ተነቅሎ በመጣው የሁለት ሰው ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ እንደ ወትሮው በመስኮት በኩል፣ መስኮት ባይኖርም።

«ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንተ ለሕክምና ተኝተህ በነበረበት ወቅት፣ የጀልባችንን ውበት ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሐሳብ ሳይኖረኝ፣ ደግሞም የብረታ ብረትን ጠባይ ካለማወቄ የተነሣ...»

«ጋሼ» አለኝ። «ፌርማታው ሩቅ ነው?»

«ማጠፊያውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

የቀረውን በአጭሩ ነገርሁት።

«ሮንዴላዎቹን ለምን ጣልካቸው?»

«ግራጫ ነበሩ።»

«ግራጫ።» ቃሉን አፉ ውስጥ አዞረው። «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ቅዳሜ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው ጋሼ።»

ስብራቱን ይቅር ሊለኝ እንደሚችል ፊቱ ላይ አይቼ ነበር። አምስቱን ቀን ግን... «ዛሬ ሂድልኝ» አለ። ሄድሁ።

ሚያዝያ 16

ገዢው የሚመጣበት ቀን። መጣ? ማንን ልጠይቅ?

ሚያዝያ 18

አዲሱን ማጠፊያ ላመጣ ወደ በያጇ ስሄድ፣ ከሩቅ ክርክር ሰማሁ።

«ይሄ ላሜራ ይቀጥናል እልሻለሁ።»

«አባባ፣ አውቶብስ ነው ወይስ ጀልባ የሚሰቅሉበት?»

እሱ ነው። የአሮጌ ጀሪካን ጎን ቆርጦ፣ በመብሻ ክብ ክብ ሮንዴላ እያወጣ፣ ጉልበቱ ላይ ደርድሯቸዋል። ግራጫ ጀሪካን። ከየት አገኘው? ቀና ብሎ አላየኝም።

«ያንን ሞረድ አቀብለኝ።»

አቀበልሁት። የላሜራውን ጠርዝ ጥቂት ከሞረደ በኋላ፣

«ገዢውን መለስኩት» አለ። «ግን አንድ ነገር አለ። ሰባሪው ያሉኝ የአራት ጀልባ ባለቤቶች ናቸው። ለአራቱም አንተ ትነግራቸዋለህ። በአጭሩ።»

«ዝርዝሩን ካላስረዳሁ...»

«በአጭሩ ጋሼ።»

በያጇ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ብሎኖቹ አየች። «አንድ ሰው ያሉኝ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። መነጽሯን አውርዳ ወደ ሥራዋ ዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሚያዝያ 21

አራቱን ዞርሁ። «የሰበርኩት እኔ ነኝ።» ሦስት ቃል። ከሁሉ የከበደኝ ሦስተኛው ጀልባ ነው፤ ባለቤቱ ጡረተኛ ጥርስ ሐኪም ስለሆነ አፌን እንደከፈትሁ ሌላ ነገር የሚጠብቅ መሰለኝ። የመጨረሻው ሰው ሥራው ሸራ መስፋት ነው፤ ሰምቶ ሲያበቃ «እንግዲያው ስሙ ወደ አንተ ይዛወራላ» አለና እጄን ጨበጠኝ።

ስመለስ የባለቤቴ ወንድም ምሰሶው ሥር ገመድ እየጠቀለለ ነበር። «አራቱንም?» አለ። «አራቱንም።» ከቴርሞሱ ሻይ ቀድቶ ሰጠኝ።

ሚያዝያ 26

ገጠምነው። በምሰሶው ላይ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች ተበልተው ስለሰፉ፣ በያጇ አዲሱን ላሜራ ረዘም አድርጋ ቆርጣዋለች፤ ብሎኖቹም ጤነኛ ቦታ ላይ በተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች ገቡ። ከእያንዳንዱ ሥር ግራጫ ሮንዴላ፤ ብረቱ ከአሉሚኒየሙ ግድግዳ ጋር እንዳይነካካም በየቀዳዳው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ። እሱ ያጠብቃል፣ እኔ እቆጥራለሁ።

«ውበት የለውም» አልሁ።

«ምንም የለውም» አለ፣ ከልቡ ደስ ብሎት።

ግንቦት 1

ነፋሱ ለጀልባ የሚበቃ፣ ባሕሩም የተረጋጋ ነበር። ባለቤቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፈረች፤ የብስክሌት ነጂ ጠንካራ ቆብ ራሷ ላይ አስራ።

«እኔን አታምኝኝም?» አለ ወንድሟ።

«አንተንማ አምንሃለሁ። ብሎን አሳሪውን ነው የማላምነው።»

መሪውን ያዘ። ጣቶቹ እስኪነጡ ጨበጠው። ያ ነገር ወደ ሆነበት ቦታ ስንቃረብ፣ ገመዱን ይዤ የተቀመጥሁት እኔ፣ ስለ ነፋሱ አቅጣጫ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ መዞር ስለሚገባበት ቅጽበት የሚሰጥ ረጅም ምክር ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጥሁት። እሱ ወደ እኔ አየ፤ ጠበቀ፤ ምንም አለመምጣቱን ሲያረጋግጥ ወደ ፊት ተመለሰና አዞራት።

ሸራው ከራሳችን በላይ አለፈ። አግዳሚው ዘንግ ጓ ብሎ በሌላው ወገን ቆመ። ሦስታችንም ማጠፊያውን አየን። ነቅነቅ አላለም።

ወደ ክፍት ባሕሩ ወይስ ወደ ማቆሚያው? መንገዱ እዚያ ላይ ይለያል። እሱ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሣ፣ በዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት በተሟሸ ድምፁ፣

«ወራጅ አለ?» አለ።

ባለቤቴ ቆቡን ፈትታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«የለም» አለችው። «ንዳው።»