እናቴ ስለዋጠችው የአቶ ኤልዉድ መድኃኒት

ለክቡር አቶ ግራንት ሆልዳዌይ
የረጋ ወንዝ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ በኩል እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ የሚውጡት መድኃኒት ካለም በራስዎ ስም የታዘዘ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ስሜ ኮኒ ድሩሽል ይባላል፤ በአውራጃችን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። እናቴ ወይዘሮ ሎይስ ድሩሽል እስካለፈው ወር ድረስ ነዋሪዎ ነበረች፤ አሁን ሆስፒታል ተኝታለች።

ከቅሬታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። እናቴን ያስገባሁ ዕለት ስሟ የተጻፈበት አምባር ለምን በእጇ ላይ እንደማይታሰር ስጠይቅዎ፣ «ይሄ ቤት ነው እንጂ ሆስፒታል አይደለም፤ እኛ እናቶቻችን ላይ ምልክት አንለጥፍም» ብለው መልሰውልኝ ነበር። ንግግርዎ ልቤን ነክቶት እዚያው ቢሮዎ ውስጥ አልቅሻለሁ። ዛሬ ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል፤ መሐረቡን ያቀበሉኝ ግን እርስዎ ነበሩና አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ የማክሰኞ ከሰዓት የዩከር ካርታ ጨዋታ በቤትዎ ምን ያህል እንደሚከበር ለእርስዎ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። በዚህ በኦሃዮ በየአዳራሹና በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እንደሚደረገው ሁሉ፣ ያሸነፈ ሰው ካርታውን ትቶ ወደ ላይኛው ጠረጴዛ ይወጣል፤ የተሸነፈውም ወርዶ አሸናፊው በለቀቀው ወንበር ይቀመጣል። ይህን የማያውቅ ፍጡር በአውራጃችን ቢኖር የእርስዎ የመድኃኒት ጋሪ ብቻ ነው። ጋሪው የሚያውቀው ሰውን ሳይሆን ወንበርን ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በላዩ ላይ ተለጥፎበታል። ነርሷም ፎቁን ሙሉ ብቻዋን የምትሮጥ ምስኪን በመሆኗ፣ ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል የሁሉንም ክኒን አስቀድማ ፈጭታ በተቀቀለ ፖም ትለውሰውና በየወንበሩ እየዞረች ታጎርሳለች።

የዚያን ማክሰኞ እኔም እዚያው ነበርኩ። ተማሪዎቼን ከማንሣቴ በፊት ትንሽ ጊዜ ስለነበረኝ ከእናቴ ኋላ ቆሜ ጨዋታውን እያየሁ ነበር። እናቴ አሸነፈችና አቶ ኤልዉድ ፕሩዊት ወደተቀመጡበት ወደ ላይኛው ጠረጴዛ ሄደች፤ እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ በእህል ጎተራ የሠሩ፣ በመሸነፍም የማይደሰቱ ሽማግሌ ነበሩ። «ተነሥ ኤልዉድ! ወንበሬን አሙቀህ ስለጠበቅከኝ አመሰግናለሁ» አለቻቸው። «ሂጂ አንቺ ሌባ፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ እያለቀስሽ ትመልሽልኛለሽ» አሉና እየሳቁ ወረዱ። ከዚያ ጋሪው መጣ። «ሎይስዬ፣ አፍ!» የሚላት አልነበረም፤ ስም የጠራ አልነበረም። እናቴ ስትጫወት ዓይኗን ከካርታው ስለማትነቅል አፏን ብቻ ከፈተች። ታች ደግሞ አቶ ኤልዉድ አፋቸውን ከፈቱ። ሁለቱንም ማንኪያዎች በዓይኔ አየሁ፤ ምንም አልጠረጠርኩም፤ ወደ አውቶቡሴ ሄድኩ።

ልጆቹን አድርሼ ስመለስ እናቴ አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ልብሷ በላብ ረጥቦ ገላዋ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። «ጨዋታው አድክሟት ነው፣ ትተኛበት» ተባልኩ። አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም፣ «ስኳር አለባት እንዴ?» አለኝ። የለባትም አልኩት። «ታዲያ የስኳር መድኃኒት ማን ሰጣት?» አለኝ። ያ ጥያቄ ለእርስዎ ስለሚገባ ሳልነካው አስተላልፌልዎታለሁ።

አንጎሏ ብዙ ሰዓት ያለ ስኳር እንደቆየ ነገሩኝ። ዛሬ እናቴ በሟች እኅቷ ስም ትጠራኛለች። ባለፈው ሳምንት ትነቃ እንደሆን ብዬ አምስት ካርታ በእጇ አስያዝኳት፤ አየት አደረገቻቸውና አንዱን ወደ አፏ ወሰደችው። ወደ ራሷ ትመለስ እንደሆነ ሐኪሞቹ አያውቁም፤ እኔም መጠየቅ ፈርቻለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ደግነትዎ። ሆስፒታል ድረስ የላኳት ሠራተኛዎ በዶሮና በቺዝ የተጋገረ ፓስታ በትሪ ይዛልን መጣች፤ ሐዘን ባለበት ቤት በባዶ እጅ አይገባምና ወግዎ ያስመሰግናል። ከትሪው ሥር ግን አንድ ወረቀት ነበር። ብፈርመው ፍርድ ቤት የመሄድ መብቴን ትቼ፣ እርስዎ በሚመርጡት ሽማግሌ ፊት በዝግ ልዳኝ ነው። «ለሁላችንም ቶሎ እንዲያልቅ ነው፣ የኔ ማር» አለችኝ። ፓስታውን በልተነዋል፤ ጨው ቢያንሰውም ጥሩ ነበር። ወረቀቱ ግን እንደመጣ አለ።

ጠበቃዬ እንዳስረዳችኝ ማንም የአረጋውያን ቤት እንዲህ ያለውን ወረቀት ካልፈረምክ አልቀበልህም ማለት አይችልም፤ የፈረመ ሰውም በሠላሳ ቀን ውስጥ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። ቤተሰብ የሕክምና መዝገቡን ጠይቆ ማየት፣ ለግዛቱ ጤና ቢሮ ማመልከት፣ መክሰስም ይችላል፤ እያዘገመ የቆየ ግን መብቱ ያልፍበታል። ይህን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ስለሚያውቁት በጋዜጣ ላይ ማተሜ፣ ወላጆቻቸውን ለእርስዎ አምነው የሰጡ ሌሎች ጎረቤቶቼ ምናልባት ትሪ ሲመጣላቸው ከሥሩ እንዲያዩ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ እናቴ አይደለም። በላኩልኝ መልስ ላይ የሆነው ነገር «አንድ ነዋሪን ብቻ የተመለከተ ያልተለመደ ክስተት» እንደሆነ ጽፈዋል። እኔ የአውቶቡስ ነጂ እንጂ የተማርኩ አይደለሁም፤ ሆኖም ሁለት ሰዎች ወንበር ከተለዋወጡ የሳተው አንድ ማንኪያ ብቻ እንዴት እንደሚሆን ሊገባኝ አልቻለም። እናቴ የምትወስደው የደም ማቅጠኛ ነው። ያን ዕለት የእሷን የወሰዱት አቶ ኤልዉድ ናቸው። በማግስቱ መታጠቢያ ቤት ወደቁ፤ «ትንሽ ነው ጭንቅላታቸውን የነካቸው» ተባለ። ቅዳሜ ሞቱ፤ «ዕድሜ ነው» ተባለ። እናቴ ደግሞ አቶ ሆልዳዌይ፣ ብዙ ጊዜ ታሸንፍ ነበር። በክረምቱ ሁሉ በአቶ ኤልዉድ ክንድ ላይ ይታይ የነበረው በለዝ «የሽማግሌ ቆዳ» እንደሆነ ለእኔም ተነግሮኝ አምኜ ነበር።

አቶ ኤልዉድ ልጅ የላቸውም፤ ሚስታቸው ቀድማቸው ሞታለች። ስለ እሳቸው መክሰስ እንደማልችል፣ ያ የቤተሰብ መብት እንደሆነ ጠበቃዬ ነገረችኝ። እርስዎ ስለ እሳቸው የሚከስ እንደሌለ ከእኔ ቀድመው አውቀው «አንድ ነዋሪን ብቻ» ብለው እንደጻፉ የገባኝ ያኔ ነው፤ ያን ቀን የተሰማኝ ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ለግዛቱ ጤና ቢሮ ለማመልከት ግን ዘመድ መሆን አያስፈልግም። አመልክቻለሁ። ተቆጣጣሪዎቹ ሳይናገሩ ስለሚመጡ፣ ቀኑን አስቀድሜ ላሳውቅዎ ባለመቻሌ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ላደረጉልን ሁሉ ሕግ ብድርዎን እስኪመልስልዎ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ሰጥቶ ያቆይዎ ዘንድ እየለመንኩ፣ በየማክሰኞው ከሰዓት ስምዎን ሳላነሣ የማልውል፣

አክባሪዎ
ኮኒ ድሩሽል
የሎይስ ልጅ

ማስታወሻ፤ ረቡዕ ሊፈጸም የነበረው የአቶ ኤልዉድ ቀብር መተላለፉን ሰምተው ይሆናል። የላኩት ነጭ የአበባ ጉንጉን እጅግ የሚያምር ነበር፤ ነገር ግን ሣጥኑ ባለመምጣቱ በባዶ አዳራሽ ቆሞ ደርቋልና ሌላ ያዘጋጁ። አስከሬኑን የአውራጃው የአሟሟት መርማሪ ሐኪም ወስዶታል። የደወልኩለት እኔ ነኝ፤ በደማቸው ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለበትም ነግሬዋለሁ።