ሪሲቨር ስመርጥ የሰማሁት

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዛሬም ሪሲቨሩ፣ የፊልሙን ድምፅ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለው፣ ዝዝዝ አለ። ቴሌቪዥኑን ዘግቼው እንኳ እሱ አይዘጋም። ሰዎቹ ሲያወሩ አፋቸው ላይ ብርድ ልብስ የተጣለ ይመስላል። ስፒከሩ ነው ብዬ ነበር፤ ገመዱን ነቅዬ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካሁት፣ ደህና ነው። ሪሲቨሩ ነው ያለቀለት። ሙዚቃው ይመጣል፣ ዝናቡ ይመጣል፣ ሰው አይመጣም። ንግግር የሌለበት ፊልም ምኔ ነው? ዕድሜ ልኬን እንጀራዬ ንግግር ነበር።

ያዚኒ ከባንክ ስትመለስ፣ "እማ፣ ጡረታ አውጪው እንጂ! ካንቺ እኮ ቀድሞ አርጅቷል" አለችኝ። ልጄ አይደለች እንዴ፣ ምላሷ የእኔ ነው።

እራት ኢድሊ፣ በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ዳቦ። ሙቀቱ አልቀነሰም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 12

ልደቴ። ያዚኒ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ስከፍተው... የጨው ማሳው ፊልም! ሥዕሉም ድምፁም ታድሶ፣ ፎር ኬ በሚሉት በአዲሱ ዲስክ ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ ተዋናይቷ ቪሻላ ከጨው ክምር ፊት ቆማለች። እንዴት ያለች ቆንጆ ነበረች! ፊቱ የሷ፣ ድምፁ የእኔ። የሰሜን ሕንድ ልጅ ናት፤ ያኔ ቋንቋችን ታሚል አፏ ውስጥ ይሰባበር ነበር። እኔ ነኝ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ እንዳይንሿሿ አልቦዬን አውልቄ፣ ከንፈሯን እያየሁ የተናገርኩላት።

ስሜ ፊልሙ ላይ የለም። ድምፃችንን ለተዋናይ የምናውስ የማናችንም አይጻፍም ነበር። ግድ አልነበረኝም... አልነበረኝም?

"አባዬ፣ ጨዋችን ላይ ዘነበ።" ቪሻላ አባቷ ሬሳ ላይ ሆና የምትለው ነው፤ አገር ምድሩ ይዞት ነበር ያን ቃሌን። አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ቆራጩ ሳይቀር ድምፁን አቅጥኖ ሲለው ሰምቻለሁ። ዝም ብዬ በመስኮት አያለሁ፣ ውስጤ ይስቃል። ያዚኒ በዚያ ዓረፍተ ነገር ነው እሹሩሩ ተብላ ያደገችው።

ዲስኩን ከተትኩት። አሮጌው ማጫወቻ ጎረሰው፣ አላመጠው፣ ተፋው። አይነበብም አለ።

"በቃ ሁለቱንም ቀይሪ፣ ሪሲቨሩንም ማጫወቻውንም" አለች ያዚኒ።

አሩሎሊን ሳልጠይቅማ አልገዛም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 15

አሩሎሊ መጣ። ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ቡናውን በወተት ራሱ አዘጋጀ፣ ስኳር የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። የጨው ማሳው ፊልም ሲቀዳ ከመስተዋቱ ማዶ የነበረው የድምፅ ባለሙያ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህም ስንቱን አብረን ሠራን! ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ሬሳ የተሸከመው፣ ያዚኒን ትምህርት ቤት ያስገባት እሱ። ወንድም አልወለደችልኝም እናቴ፤ አሩሎሊ አለ።

ሪሲቨሩን ጆሮውን ለጥፎ ሰማውና፣ "ይሄ ሊቀበር ይገባዋል" አለ።

ዲስኩን አሳየሁት። ገለባበጠው። ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

"ማን ሰጠሽ?"

"ያዚኒ። ታድሶ መውጣቱን አልሰማህም እንዴ?"

"ሰምቼ ነበር መሰለኝ..." ቡናውን ፉት አለ። "እህቴ፣ ስሚኝ። ሪሲቨሩን ቀይሪ። ማጫወቻውን ግን አትንኪ። ቴሌቪዥንሽ ትንሽ ነው፤ የሥዕሉን ለውጥ ዓይንሽ አያየውም።"

"ይሄን ዲስክስ በምን ላየው?"

"የድሮው ዲስክ አለሽ አይደል? ያው ነው።"

ያው ነው? ለአንዲት ትንፋሽ ብሎ ቀኑን ሙሉ ያስደግመኝ የነበረ ሰው ያው ነው ይላል?

እያረጀን ነው መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 21

ከያዚኒ ጋር በባጃጅ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ገበያው፣ ሪቺ ጎዳና፣ ሄድን። ገመድ፣ ስፒከር፣ ሰው፣ ላም... መተላለፊያ የለም። ካዲርቬል የሚባል ባለሱቅ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ ሶፋ ላይ አስቀምጦን በሄሊኮፕተር ድምፅ ፈጀን። ሶፋው ተንቀጠቀጠ።

"እትዬ፣ ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ሰሙት? ሆድዎ ውስጥ አልገባም?"

"ገብቷል። አሁን ከሆዴ አውጣልኝና የሚያወራ ሰው አሰማኝ።"

"የሚያወራ?"

"አዎ፣ ሰው። በቀስታ የሚያወራ። ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል።"

ያዚኒ በሻርፗ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ካዲርቬል ራሱን አከከ። "እዚህ የሚመጣ ሁሉ ፍንዳታ ነው የሚጠይቀኝ..." ዜና አንባቢ ከፈተልኝና ሪሲቨሮቹን እየቀያየረ አሰማኝ። አንዱ "ስ" ላይ ያፏጫል። ሌላው ድምፁን አወፍራለሁ ብሎ ሴትየዋን ጉንፋን አስያዛት። የመጨረሻው ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ፊት ለፊቴ መጥታ ተቀመጠች። ምራቋን ስትውጥ ሁሉ ሰማሁ።

"ይሄ ነው" አልኩ። ከሁሉ ትንሹ፣ መብራትም ያልበዛበት።

"ማጫወቻውንስ?" አለ ካዲርቬል። ባለሙያ አትንኪው እንዳለኝ ነገርኩት። "እሱ ያለዎትን እኔ አልሽርም" አለ። ግን ግራ ገብቶት ነበር።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

ሪሲቨሩ መጣ። አሩሎሊም መጣ፣ ባዶ እጁን አይደለም፤ የራሱን ማጫወቻ ተሸክሞ!

"ብሉሬይ ነው፤ ካንቺኛው በብዙ ይሻላል። ውሰጂው። እኔ ጊዜ የለኝም፣ አቧራ እየጠጣ ነው።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ገመዱን ራሱ አሰረ፣ ስፒከሮቹን በሜትር ለካ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ። የድሮ ዘፈኖች ከፈትን። ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ!

የልደቴን ዲስክ ከተትኩ። አይነበብም።

"ብልሹ ነው" አለ ወዲያው። "እንዲህ ያለ ብዙ ወጥቷል። ለያዚኒ ንገሪያት፣ ትመልሰው።"

ስጦታዬን መመለስ... ቅር አለኝ። ግን ባለሙያው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 28

ዛሬን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከመመለሱ በፊት እናሳየው ብላ ያዚኒ ዲስኩን ወደ ካዲርቬል ወሰደችው፤ ተከትያት ሄድኩ። ከሽፋኑ አውጥቶ በመብራት አየው፤ "እትዬ፣ ይሄ ምን ሆነ? ንጹሕ ነው!" አሩሎሊ የሰጠኝ ብሉሬይ ፎር ኬ የሚሉትን ዲስክ እንደማያነብ ነገረኝ። "የድምፅ ባለሙያ ሆኖ ይሄ እንዴት ይጠፋዋል?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እንደ ተራ ነገር። ከዚያ ሱቁ ውስጥ ባለው ላይ ከተተው። ተጫወተ።

ጨው ማሳው። ነጩ ሜዳ። እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም፣ የባዶ እግሯ ስንጥቅ እንኳ ይታያል። ቪሻላ ወደ ጎጆው ሮጣ ገባች፣ አፏን ከፈተች... ሌላ ሰው ተናገረ።

መጀመሪያ ሪሲቨሩን ጠረጠርኩ። ቂልነት! ሪሲቨር ሰው አይቀይርም። ያረጀ ጉሮሮ ነው፣ ሰፋ ያለ፣ የሰሜን ቅላጼው ከሥር የቀረ። ራሷ ናት። ቪሻላ። የአሮጊት ድምፅ በዚያ የልጅነት አፍ። "አባዬ፣ ጨዋችን ላይ..." ያዚኒ ሪሞቱን ነጥቃ አጠፋችው።

"ጥራቱን አያችሁ?" አለ ካዲርቬል፣ ምስኪን፤ ደስ ብሎት።

መንገድ ላይ አላወራንም። ቤት ገብቼ አሩሎሊን ደወልኩለት።

"ዲስኩን ሰማሁት" አልኩ።

"የት?" አለ።

ምኑን አላለም። ምን ሆንሽ አላለም። የት!

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 29

ጠዋት መጣ። ሳይላጭ። ቡና አልጠየቀም፣ እኔም አላልኩት።

"ቪሻላ ናት የጠየቀችው። ከመሞቴ በፊት በራሴ ድምፅ ልሰማ አለች። የእድሳቱን ወጪም የቻለችው እሷ። እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ይሠራው ነበር።"

"ሌላ ቢሠራውማ ሌላ ሰው ነበር፤ አንተ አትሆንም ነበር።"

"ልነግርሽ ስንት ጊዜ አስቤ... አፌ እምቢ አለኝ።"

"ዲስኩ ብልሹ ነው ስትለኝ እምቢ አላለህም። ማጫወቻውን ተሸክመህ ስትመጣ፣ እኔ በደስታ ሳለቅስ፣ ያኔስ አፍህ ምን ሆኖ ነበር?"

አንገቱን ደፋ። ያዚኒ በር ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፣ በልጅነቷ ያዘላት ጀርባ ላይ ዓይኗን ተክላ።

ከዚያ ቀና አለና፣ "አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ደስ ይልሽ ይሆናል" አለ። "ለቅሶውን አልቻለችውም። ቃሉን አለችው፤ ከቃሉ በኋላ ያለውን ማልቀስ ግን ሞክራ ሞክራ ተወችው። ያንቺን አስቀረሁት። ንግግሩ የሷ ነው፣ ለቅሶው ያንቺ ነው።"

ስጦታ እንደሰጠ ሰው አየኝ።

ያን ለቅሶ የቀዳን ቀን አባቴ ከሞተ ገና ወሩ ነበር። አሩሎሊ ያውቃል። "ዛሬ ይቅርብሽ፣ ሌላ ቀን እንቅዳው" ያለኝ ራሱ ነበር። አይ፣ ዛሬ ቅዳው አልኩት። ያለቀስኩት ለማን እንደነበር በዚያ ክፍል ውስጥ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።

"የአባቴን ለቅሶ አውጥተህ አፏ ውስጥ ከተትክላት?" አልኩት።

"እህቴ..."

"ሂድ አሁን።"

ሄደ። ማጫወቻውን ያዚኒ በር ላይ አስታቀፈችው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 1

ያዚኒ እንክሰስ ትላለች። በምን? ስሜ የት አለና? ለሌለ ሰው ማን ይፈርዳል?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

ደወለ። አላነሳሁም። ስልኩ ሲጮህ እጄ ራሱ ሊያነሳ ሄዶ መለስኩት። ልማድ ክፉ ነው።

እንዲህ ማሰብ ጀመርኩ፦ ሌላስ ምን ደብቆኛል? ከባለቤቴ ሞት ወዲህ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያገላበጥኩ። መልካሙም ነገር ተበላሸብኝ። ይሄን ነው ይቅር የማልለው መሰለኝ...

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12

ካዲርቬል ጋ ብቻዬን ሄጄ ማጫወቻውን ገዛሁ። ያኛውን፣ ዲስኩን የሚያነበውን።

"እማ፣ ለምን?" አለች ያዚኒ። "ራስሽን ለማሳመም?"

"ልሰማው። ሰው ነግሮኝ ሳይሆን በጆሮዬ።"

ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘጋን። ሪሲቨሩ... ምን ልበል፣ ምርጫዬ ትክክል ነበር። አንዲት ትንፋሽ አልሸሸገልኝም። ቪሻላም መጥፎ አይደለችም፤ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ቦታ ቦታ ላይ ከእኔ የተሻለችበትም አለ። ንዴቱ ላይ በተለይ። ይህን ለማንም አልናገርም።

ከዚያ የአባትየው ሬሳ። ቃሉን አለች። ሳግ መጣ።

ስፌቱን ፈለግሁ። የሷ ቃል የሚያልቅበት፣ የእኔ ሳግ የሚጀምርበት ቦታ... መልሼ ሰማሁት፣ አላገኘሁትም። ጎበዝ እጅ ነው የሰፋው። ስንት ቀን ተጠቦበት ይሆን? ያን ሁሉ ቀን የእኔን ለቅሶ በጆሮው ይዞ ተቀምጦ፣ አንድ ቀን እንኳ ስልክ አላነሳም?

ያዚኒ ክንዴን ጨመቀችው። ስለ ለቅሶው የነገረንን ረስታ ኖሮ፣ "እማ! ይሄ አንቺ ነሽ!" አለች። የፊልሙ ለቅሶ አይደለም ያለችው። አባቷ የሞተ ጊዜ በግድግዳ ማዶ የሰማችኝን ነው።

ተቃቅፈን አለቀስን። ፊልሙ ብቻውን አለቀ፤ መጨረሻ ላይ ስሞች አለፉ። የእሱም አለፈ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 31

ዲፓቫሊ፣ የብርሃን በዓላችን። ርችቱ ጎህ ሳይቀድ ጀመረ፣ ጎዳናው ባሩድ ባሩድ ይሸታል። ዘይት ተቀብተን ታጠብን፣ አዲስ ሳሪ ለበስኩ።

ረፋድ ላይ አሩሎሊ መጣ። የጣፋጭ ካርቶን ይዞ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። ከስቷል። ያዚኒ ከበሩ ላይ አየችኝ፣ ላስገባው ወይስ ልመልሰው እንደማለት። በዓል ነው። ተነስቼ ሄድኩ።

"ይግቡ" አልኩት። "እንኳን አደረስዎ። ይቀመጡ።"

ቆሞ ቀረ። ካርቶኑን በሁለት እጁ እንደያዘ።

"እህቴ... እኔን ነው?"

"ቁጭ ይበሉ እንጂ። ሻይ ይሻልዎታል ቡና?"

"አንቱ አልሽኝ?" ድምፁ ተሰበረ። የድምፅ ሰው ነው፤ ምን እንደሰማ ገብቶታል።

"እንግዳ ይከበራል" አልኩት።

ተቀመጠ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ። ሻዩን ጠጣ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ ስለ ዝናቡ መለስኩለት። ስለ ሪሲቨሩ ጠየቀኝ፤ ደህና ነው፣ አመሰግናለሁ አልኩት። ስኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ተነሳ።

እስከ ውጭው በር ድረስ ሸኘሁት። ያን ያህል ዘመን ሲገባ ሲወጣ ሸኝቼው አላውቅም ነበር፤ ቤተኛ አይሸኝም።