«እናቴ ናት» ትዪ እንደሆነ

ጭሮ፣ ኅዳር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርካዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ ለማለት ድፍረት አጣሁ። ይህን ወረቀት የገለምሶዋ ሳብሪና ሪያድ ድረስ ይዛልሽ ትመጣለች፤ አንቺ ካለሽበት ሕንፃ ታች ሥራ አግኝታለች። ሳብሪና ልጄ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ቤቴ መጽሐፍ ሞልቶ እሷ ፊደል አልቆጠረችም።

በሰው ስልክ የላክሽውን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ውልሽ ካለቀ ቆይቷል፤ ፓስፖርትሽ በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ደመወዝ ስትጠይቂ «አንቺ እኮ እንደ ልጃችን ነሽ፤ ልጅ ደመወዝ ይጠይቃል ወይ?» አሉሽ። እዚያ ላይ ትንሽ ሳቅሽ። ለምን እንደሳቅሽ ገብቶኛል።

ያን ሰሞን ተከራዬ፣ የታሪክ መምህሩ ተስፋዓለም፣ ስለ ባርነት የተጻፈ መጽሐፍ አውሶኝ ነበር። ባርነት ማለት ሰው በሰው ላይ የዕቃ ባለቤት ዓይነት ሥልጣን ሲይዝ ነው ይላል። ሰንሰለት የሚል ቃል ከትርጉሙ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። እንግሊዞች በ1825 በሕግ አስቀሩት፤ ብራዚል በ1880፣ የእኛው አገር በ1934። አንቺ ያለሽበት ሳውዲ በ1955፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት። ሞሪታንያማ እኔ ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው።

«ሕጉ ሲወጣ በየጓዳው ላሉት ማን ነገራቸው?» አልኩት።

«ማን ይነግራቸዋል እትዬ ባየች? ጋዜጣ የሚያነቡት ጌቶቹ ናቸው» ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ ስላንቺ ላመለክት ውጭ አገር ያሉ ሠራተኞችን ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ሄድኩ። አቤቱታ የሚቀበሉት ከቅርብ ቤተሰብ ነው። «ምንሽ ናት?» አሉኝ። ልጄ አልኩ። ማስረጃ ጠየቁኝ። አንቺን በጉዲፈቻ የወሰድንሽ እናት አባትሽ በድርቁ ያለፉ ጊዜ ነው፤ ወረቀት አልነበረም። ሽማግሌዎች ፊት ማር የነካ ጣቴን ጠባሽ፣ እኔና ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ጋሽ አጥናፉ ማልን፣ አለቀ። ከሽማግሌዎቹ በሕይወት ያሉት ኦቦ በድሪ ብቻ ናቸው። ሚኒባስ ተሳፍሬ ሚኤሶ ወረድኩ።

ማሽላ ሲያስቆርጡ አገኘኋቸው። «የጭሮ ሰው ሲጨንቀው ሚኤሶ ትዝ ትለዋለች» አሉ፤ ቆራጮቹ ሳቁብኝ።

«ኦቦ በድሪ፣ ሰርካ ልጄ መሆኗን ይመስክሩልኝ።»

«ከሆዴ ከወጣው አልለያትም ብለሽ ነበር የማልሽው። ከሆድሽ የወጣው ሮቤል ተማረ?»

«ተማረ፤ ዩኒቨርሲቲም ጨርሷል።»

«ሰርካስ?»

ዓይኔን ወደ ማሽላው መለስኩ።

«ሮቤል ምሳ ሲበላ እሷ የት ነበረች?»

«ጓዳ።»

ማጭዳቸውን መሬት አስቀመጡ። «ዋላሂ፣ ባየች፣ እኔ በሐሰት አልመሰክርም። ልጅቷ በገዛ አንደበቷ ‹እናቴ ናት› ካለች፣ ጭሮ ድረስ መጥቼ እጄን አነሳለሁ።»

ስለዚህ ቃሉ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። በሳብሪና ስልክ ተናግረሽ ላኪልኝ፤ ዕለቱን ሚኤሶ አደርሰዋለሁ። አትዘግዪብኝ። በድምፅሽ መጨረሻ «ከሰገነቱ ወደ ታች ሳይ ይቀለኛል» ያልሽው እንቅልፍ ነሥቶኛል። ሰርካዬ፣ እባክሽ ወደዚያ ሰገነት አትውጪ። ልብሱን ማስጫ ሌላ ቦታ ፈልጊ፣ ቢቆጡሽም ይቆጡሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ እኔን እምቢ ብለሽ አታውቂም። ቆዪ ስልሽ ቆየሽ፣ ሳውዲም የሄድሽው ሂጂ ስላልኩሽ ነው። አሁን ግን እምቢ ማለት ትችያለሽ። አፍሽ «እናቴ» አልልም ካለ፣ አሠሪዬ ነበረች በዪ። ያንኑ ይዤ ቢሮ እገባለሁ፤ «አሠሪዋ ነበርኩ፣ ደመወዝ ሰጥቻት አላውቅም፣ ጻፉት» እላለሁ። ቤተሰብ አይደለሽም ብለው ቢመልሱኝ ደጃፋቸው ላይ እቀመጣለሁ። የትኛው ቶሎ እንደሚያወጣሽ አላውቅም። ምርጫው ግን ያንቺ ይሁን።

ወላጆችሽ ይለምኑት የነበረው አላህ፣ እኔም የምለምናት ማርያም ጉልበት ይስጡሽ፤ በሩ የሚከፈትልሽን ቀን ያቅርቡልሽ።

«እናትሽ» ብዬ ልፈርም ብዕሬን አንስቼ ተውኩት። ያን ቦታ የምትሞዪው አንቺ ነሽ።

ባየች