ሪፈር ከልክሎ «ሪፈር አምጪ» ስለሚል ግቢ

ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምዕራብ በር ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጉዳይ ዲን ጽሕፈት ቤት
ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የግቢው ክሊኒክ ሪፈር ከልክሎኝ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ያለፉኝን ሁለት ፈተናዎች ይመለከታል

ክቡር ዲን፣

እኔ ዊዳድ ሀምዳን የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ቀርቤ «በጽሑፍ አምጪ» ስለተባልኩ ይኸው በጽሑፍ አምጥቻለሁ።

1. የካቲት 24 ቀን ሆዴን በቀኝ በኩል ሲያመኝ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ተረኛው የጤና መኮንን አቶ መዝገቡ ሆዴን በእጃቸው ሳይነኩ፣ ሒጃቤን አይተው «ጾሙ ነው፣ ጨጓራሽን ነክቶሻል» አሉኝ። በዚያ ሳምንት እንደማልጾም ነገርኳቸው። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተው ሸኙኝ።

2. በማግስቱ እያስመለሰኝ ተመለስኩ፤ ወደ ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉልኝ ለመንኳቸው። «ፈተና ሲደርስ የማይታመም ተማሪ አላየሁም» ብለው ያንኑ መድኃኒት ደገሙልኝ። ወረፋ የያዙት ተማሪዎች ሳቁ። ያፈርኩት እኔ ነበርኩ፤ ዛሬም የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

3. የካቲት 26 ጠዋት መቆም አቃተኝ። የዶርም ጓደኛዬ ውዳሴ መሸሻ ደግፋ ክሊኒኩ በር አደረሰችኝ። አቶ መዝገቡ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ የሚፈርም የለም ተባልን። ውዳሴ አልጠበቀችም፤ ኮንትራት ታክሲ ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ትርፍ አንጀቴ ፈንድቶ ነበር። ከዓለም ባንክ ሰፈር ሲሮጡ ለመጡት አባቴ ሐኪሙ «ትንሽ ብትዘገይ አንደርስላትም ነበር» ብሏቸዋል። አባቴ ይህን እስካሁን ለእናቴ አልነገሯትም።

4. ስምንት ቀን ተኝቼ ስወጣ ሬጅስትራር የሆስፒታሉን ማስረጃ «ያለ ሪፈር የታከመ አናስተናግድም» ብሎ መለሰብኝ፤ በሁለቱም ትምህርቶች «ኤፍ» ተመዘገበብኝ። ክሊኒኩ ደግሞ «ላለፈ ቀን ሪፈር አይጻፍም» አለኝ። ክቡርነትዎ ይህን ደንብ ካወቁት ያስረዱኝ፤ ካላወቁት ደግሞ ይወቁት።

ስለዚህ ሁለቱን ፈተናዎች እንድፈተን፣ በክሊኒኩ የታየሁባቸው የሁለቱ ቀናት የሕክምና ካርዴ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አቶ መዝገቡም ለምን እንደከለከሉኝ በፊርማቸው ይመልሱ። ይቅርታቸውን አልፈልግም።

ባለፈው ዓርብ በዶርማችን አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆዷን ይዛ መጣችብኝ። ክሊኒክ ሂጂ አላልኳትም። በቀጥታ ሆስፒታል ወሰድኳት፤ አሁንም እዚያው ተኝታለች። ሪፈር የላትም። ፈተናዋ ነገ ይጀምራል።

ለወንበርዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

ዊዳድ ሀምዳን
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለተማሪዎች ኅብረት
ለአቶ መዝገቡ